የወፍ ውሃ

በኅዳር መጨረሻ የያኔት ግቢ እንደ ልማዱ ከወፍ ባዶ ሆነ።

ጠዋት ከአልጋዋ እንደተነሳች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ትሄድና «ማን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ባሏን አይደለም። ኩሬው ዳር በቆመው ምሰሶ ላይ የተቀመጠውን ዓይን ነው። ዓይኑ የሴት ድምፅ አለው፤ ለስላሳና የማይቸኩል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ያኔት። እንግዳ የለም። ሌቦች መጥተው ነበር፤ ተባረዋል።»

«እሺ» ትላለች። ቀኑ በዚህ ይጀመራል።

ሰፈሩ ቄጠማ ሜዳ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ቄጠማ ከጠፋ ግን ብዙ ዘመን አልፏል። ግቢዎቹ ከአጥር እስከ አጥር ንጣፍ ለብሰዋል። ንጣፉ ጥቁርና ልስልስ ነው፤ በበጋ ፀሐይ ይጠጣል፣ በክረምት ዝናብ ይጠጣል፣ ለባለቤቱም መብራትና ውሃ ይመልሳል። አይቆሽሽም፣ አይበቅልበትም። ሰው ወድዶታል። በመንገዱ ላይ አፈሩ የሚታይ ግቢ የያኔትና የባሏ የናሆም ብቻ ነው። የእነሱ ግቢ የወፍ ግቢ ነውና።

የወፍ ግቢ ማለት እንግዳ የሚባል ወፍ የሚያርፍበት ግቢ ነው። ወረዳው እንዲህ ላለው ግቢ ዓይን ይተክላል፣ የድምፅ አጥር ያጥራል፣ ለኩሬው የሚሆን ውሃ በቀጭን ቱቦ ይልካል። የድምፅ አጥሩ ለሰው ጆሮ አይሰማም። ሌባ የተባለ ወፍ ሲጠጋ ዓይኑ አጥሩን ያስጮኸዋል፤ ወፉ አየር ላይ እንደተመታ ሁሉ ይጠመዘዝና ይመለሳል።

እንግዳና ሌባ የሚለውን የለየው ዓይኑ አልነበረም። ያኔ ሲተከል በሰፈሩ ገና ብዙ የወፍ ግቢ ነበር። ዓይኑ የወፎቹን መልክ አንድ በአንድ ለየቤቱ እያሳየ «ይህ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀዩ የመስቀል ወፍ ሲታይ ሁሉም በአንድ አፍ «እንግዳ!» አለ። ቡናማዎቹ፣ ድንቢጥ የሚመስሉት፣ ዳጉሳ የሚለቅሙት ሲታዩ ሁሉም «ሌባ!» አለ። ናሆምም አለ፤ ያኔትም አለች። ግሪሳ ይመስላሉ፤ ግሪሳ ደግሞ የስንቱን አያት ማሳ በአንድ ጀምበር ባዶ አድርጎ ያስቀረ ነው። ማንም ቢጠየቅ ሌላ መልስ አይሰጥም ነበር።

ያኔት ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው መስኮት በሌለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሥራዋ ማሽኖች እንዳይሞቁ መጠበቅ ነበር። ጡረታ ወጥታ ቤት ስትውል የገረማት ነገር ቢኖር፣ በዚህ ዓለም ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ታዝዞ የሚመጣ መሆኑ ነው። ምግቡ ይታዘዛል፤ ሐኪሙ ይታዘዛል፤ የልጅ ልጇ ፊት እንኳ ግድግዳው ላይ የሚመጣው ሲታዘዝ ነው። ሳይታዘዝ የሚመጣው ያ ቀይ ወፍ ብቻ ነበር። መስከረም ሲጠባ ድንገት ኩሬው ውስጥ በበቀለው ፊላ ጫፍ ላይ ፍም መስሎ ይቀመጣል፤ ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልከፈለበትም። ኅዳር ላይ ደግሞ ማንንም ሳይሰናበት ይጠፋል።

ወዴት እንደሚሄድ ባልና ሚስቱ ተስማምተው አያውቁም። ናሆም «ሱዳን ይወርዳል» ይላል። ያኔት «የለም፣ አዋሽ በረሃ ነው የሚከርመው» ትላለች። ዓይኑን ቢጠይቁት «ከግቢው ውጭ ያለውን አላይም» ይላል።

ነገር ግን ከዓመት ዓመት የሚመጡት እያነሱ ሄዱ። ድሮ ፊላው በቀይ ይነድ ነበር። ዘንድሮ አንድ ብቻ መጣ። ሣር እየሰነጠቀ ጎጆ ሠራ፤ ጨርሶ ሌላ ሠራ፤ ከዚያም ሌላ። ደጋግሞ ላባውን እየነፋ ጮኸ። ጎጆዎቹ ውስጥ ማንም አልገባም። ያኔት በመስኮቱ እያየች «ምን ሆኖ ነው?» አለች። ናሆም «ሰነፍ ሚስት አግብቶ ይሆናል» አለ። ከዚያ ወፉ ሄደ።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ የወረዳው ሠራተኛ ዘነበወርቅ መጣች። ዘነበወርቅ የዘመኑ ልጅ ናት። ያኔት፣ ናሆም የመሰለውን ስም አሁን ይዞ የሚገኘው አሮጊትና ሽማግሌ ነው፤ ወጣቱ ሁሉ ዘነበወርቅ፣ ተሰማ፣ አስካለ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺም የመስቀል ወፍ ሆንሽብን፤ በዓመት አንዴ!» አላት ናሆም ገና ከበሩ።

«ጋሼ፣ እኔ ባልመጣ ይሻላችኋል።»

«ክፉ ነገር ይዘሽ ነዋ!»

አልቀመጥም አለች። ያኔት ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ልጅቱ ጉልበቷን ገጥማ፣ ፊቷን ወደ ኩሬው አዙራ ተናገረች።

«ደንቡ ተቀይሯል። እንግዳው በክረምት መውጫ ብቻ ሳይሆን በበጋም መታየት አለበት ተብሏል። እስከ ጥር መጨረሻ ዓይኑ እንግዳ ካላየ፣ ይህ ግቢ የወፍ ግቢ መሆኑ ይቀራል።»

«ከዚያስ?» አለች ያኔት።

«ከዚያማ ንጣፍ ነው፣ እትዬ።»

«የመስቀል ወፍ በጥር አይታይም እኮ፣ ልጄ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እኔም አውቀዋለሁ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ወፉን አልጠየቁትም።»

ናሆም ፂሙን ዳበሰ። በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው፤ የሚዳብሰው ፂም የለውም፣ ቢሆንም ሲያስብ ይዳብሰዋል። «ዶሮ ቀይ ቀለም ቀብተን ፊላው ላይ ብናስቀምጥስ?»

«ዓይኑ ዶሮ ያውቃል፣ ጋሼ።»

«ከእኛ ይሻላላ! እኛ በነፍሷ ያለች ዶሮ ካየን ስንት ዘመናችን።»

ዘነበወርቅ ሳቀች። ስትሄድ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ አፈሩን ዐየችው፤ ጫማዋን አውልቃ ልትረግጠው የፈለገች መሰለች። አልረገጠችውም።

ያኔት ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳጉሳ መበተን ያዘች። ምናልባት ከአዋሽ በረሃ መንገድ የሳተ አንድ ቀይ ወፍ ቢኖር፣ እህሉን አይቶ ይመለስ ይሆናል ብላ ነው። ጠዋት ትበትናለች፤ ከሰዓት ትበትናለች። የሚመጡት ሌቦቹ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ካለው የመብራት ገመድ ላይ ተሰልፈው ይቀመጡና አንዱ ደፍሮ ይነሳል፤ አጥሩ ይመታዋል፤ ይመለሳል። ያኔትም በእጇ እሽ እያለች ታግዘው ነበር።

አንድ ማለዳ ዓይኑ የተለመደውን ተናገረ፤ እንግዳ የለም፣ ሌቦች ተባረዋል። ያኔት ዳጉሳውን በጣሳ ይዛ ወጣች። ፊላው ሥር አንድ ቡናማ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል። አጥሩ ክፉኛ መትቶታል። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ደረቱ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ጀርባው ላይ፣ ከጅራቱ በላይ፣ ቀይ ነገር አለ።

«ደም!» አለች።

ጎንበስ ብላ አነሳችው። የመዳፍ ሙቀት ያህል እንኳ አይከብድም። በነጠላዋ ጫፍ ደሙን ጠረገችለት። ነጠላው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደግማ ጠረገች። ከዚያ በጣቷ ቀስ ብላ ገለጥ አደረገችው። ደም አይደለም፤ ላባ ነው። ከቡናማው መካከል የቀረ ቀይ ላባ። ገልበጥ አድርጋ ሆዱን ዐየችው። እዚያም ጥቁር ላባ አለ፤ እዚህም እዚያም፣ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ፊቱ ላይ፣ ከምንቃሩ ጎን፣ ያ የምታውቀው ጥቁር ጭምብል ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ አለ።

ወፉን ይዛ ምሰሶው ሥር ሄዳ ቆመች።

«ይህ ማነው?» አለች፣ ወፉን ወደ ዓይኑ ከፍ አድርጋ።

«ሌባ ነው፣ ወይዘሮ ያኔት» አለ ዓይኑ። «እጅዎን ይታጠቡ።»

ናሆም ፊቱ ላይ ግማሽ አረፋ እንዳለ ከቤት ወጣ፤ ስትጠራው ድምፅዋ አስደንግጦታል። ወፉን ዐይቶ ሚስቱን ዐየ። «ቀባሽው እንዴ? እኔ እኮ ለቀልድ ነው የተናገርኩት!»

«ዝም ብለህ እየው።»

ዐየው። መነጽሩን አምጥቶ ዐየው። አረፋው አገጩ ላይ ደረቀ።

«አይሄድም፣ ናሆም። የትም አይሄድም። ልብሱን ነው የሚያወልቀው።»

«ሱዳን አይደለም በይኛ» አለ ቀስ ብሎ።

«አዋሽም አይደለም። እዚሁ ገመድ ላይ ነው። እኛ ነን የምናባርረው።»

ናሆም ኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፊላው ላይ የተሠሩት ጎጆዎች አሁንም ተንጠልጥለዋል፤ ደርቀዋል። እነሱን እያየ ቆየና ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ፤ በመስከረምስ? እሱ ቀይ ሆኖ ሲጮህ ገመዱ ላይ የሚቀመጡት ቡናማዎችስ?»

ያኔት ቀና ብላ ገመዱን ዐየች።

«ሚስቶቹ ናቸዋ!» አለ ናሆም። «እሱ ቤት ይሠራል፣ እኛ ሚስቶቹን እናባርራለን። ደግሞ ሰነፍ ሚስት እላለሁ፣ አፌን ይቁረጠውና!»

ወፉ በያኔት መዳፍ ላይ ተላወሰ። እጇን ከፈተች። ጥቂት ተቀምጦ ቆየ፤ ከዚያ በዝቅታ በርሮ ፊላው ውስጥ ገባ።

ያን ዕለት ከሰዓት ምሰሶው ሥር ጎን ለጎን ቆመው ዓይኑን አነጋገሩት። ሰው ሹም ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ናሆም ኮቱን ለብሷል።

«ቡናማዎቹ ሌባ አይደሉም» አለች ያኔት። «እንግዳው ራሱ ናቸው። ስማቸውን አስተካክይ።»

«ስማቸውን መቀየር አልችልም፣ ወይዘሮ ያኔት። ስሙን የሰጠው ሰፈሩ በሙሉ ነው። የአንድ ግቢ ቃል አይበቃም።»

«የትኛው ሰፈር?» አለ ናሆም። «ያኔ ስም ያወጡት ግቢዎች ሁሉ ንጣፍ ለብሰዋል። ግማሾቹ ሰዎች ሞተዋል። የሉም እኮ!»

«ቃላቸው አለ፣ አቶ ናሆም።»

ናሆም ወደ ቤት ገብቶ ኮቱን አወለቀ።

የድምፅ አጥሩ ለጽዳት ተብሎ የሚዘጋበት ቁልፍ አለው። ያኔት በማግሥቱ ጠዋት ዘጋችው። ወፎቹ አላመኑም። ቀኑን ሙሉ ገመዱ ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ። በነጋታው አንዷ ወረደች፤ ዳጉሳውን አንስታ ሸሸች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ዳጉሳውን ለቅመው ሲጨርሱ ኩሬው ዳር ተደርድረው ጠጡ፤ ሲጠጡ ራሳቸውን ቀና እያደረጉ ጉሮሯቸውን ወደ ሰማይ ያሳያሉ።

«ሌባ ገብቷል፣ ወይዘሮ ያኔት» አለ ዓይኑ። «አጥሩን ልመልሰው?»

«ጽዳት ላይ ነኝ።»

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። ዓይኑ አይቆጣም፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ጽዳቱ አላለቀም?» ይላል። «አላለቀም» ትላለች። ውሸት የማታውቅ ሴት ስለሆነች እውነት እንዲሆን ብላ መጥረጊያ ይዛ ትወጣ ነበር።

ያ ቀይ ላባ ያለው ወፍ ከመካከላቸው ለጥቂት ጊዜ ይለይ ነበር። ያኔት ዘነበወርቅ ቶሎ እንድትመጣ ሁለቴ ላከችባት፤ ልጅቱ ሌላ ሰፈር ንጣፍ ስታስለካ ከረመች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ያኔት ወፉን ፈልጋ አጣችው። አልሄደም፤ ልብሱን አውልቆ ጨርሶ ነው። አሁን ሁሉም አንድ ናቸው።

ዘነበወርቅ የመጣችው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔት ምንም ሳትናገር በርጩማ አውጥታ ፊላው ትይዩ አስቀመጠቻት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። «ቀባሽው እንዴ?» ማለቱን ዘልላ ስታልፍ ናሆም «እሱንም ንገሪያት እንጂ» አለ። ወፎቹ ይወርዳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይነሳሉ።

«የትኛው ነው ታዲያ ቀዩ?» አለች ዘነበወርቅ ዓይኗን አጥብባ።

«አሁን አይለይም። ሁሉም ናቸው።»

ልጅቱ ረጅም ጊዜ ዐየች። አንዱ ወፍ ፊላው ላይ ወጥቶ ያን አሮጌ ጎጆ በምንቃሩ ነካ ነካ ሲያደርግ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ በረጅሙ ለቀቀችው።

«እኔ አመንኩዎት፣ እትዬ። የእኔ ማመን ግን ምንም አያደርግም። ዓይኑ ያየው ሌባ ነው። ‹እንግዳ የለም› ካልኩ ነገ ንጣፍ አንጣፊ ይመጣል። ‹ሌባ ያስጠጋሉ› ካልኩ ዛሬ ማታ ይመጣል።»

«ሁለቱንም ባትይስ?»

«አለመናገር አልችልም። እሱ ይናገራል» አለች ምሰሶውን በአገጯ እያሳየች።

ያኔት ምሰሶውን ዐየችው። ኩሬው ውስጥ ቱቦው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ዓይኑን ብመልስልሽስ?» አለች ያኔት። «በፈቃዴ። የወፍ ግቢነቱ ይቅርብኝ ብል?»

ዘነበወርቅ ዞር ብላ ዐየቻት። «አጥሩም ይመለሳል። ውሃውም ይቆማል።»

«አጥሩን ከዘጋሁት ቆየሁ። ውሃውም ይቁም።»

«ንጣፉስ?»

«በገዛ ፈቃዱ የመለሰ ሰው ወረፋ ይጠብቃል አይደል?»

ልጅቱ ማሰብ ጀመረች። ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ይጠብቃል። ወረፋው ረጅም ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ አይነጠፍም፤ መሬቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከመስቀል በፊት አይደርሳችሁም።»

«በመስቀል ደግሞ ቀይ ይለብሳሉ» አለች ያኔት። «ከነሚስቶቻቸው። ያኔ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።»

«ያኔ አዲስ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። በሰው ምስክር የሚጀመር ጥያቄ አለ፤ ማንም አይጠቀምበትም እንጂ አልተሻረም።» ዘነበወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርግጠኛ ነዎት ግን? እስከዚያ ድረስ በሕይወት ይኖራሉ? ውሃ ከሌለ ፊላው በመጋቢት ይደርቃል። ፊላው ከሌለ ደግሞ ቀይ ቢለብሱ የት ይቀመጣሉ?»

ያኔት ባሏን ዐየችው። የቤቱ ውሃ በቀን በቀን ተመጥኖ የሚመጣ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ለሁለት ሰው ብቻ። ናሆም አስተያየቷ ወዲያው ገባው።

«አይሆንም» አለ። «ያኔት፣ እኔ የምጠይቀው ነገር ጥቂት ነው። እንጀራ ቀጭን ይሁን፣ እሺ። መብራት ይጥፋ፣ እሺ። ሰው ግን ፂሙን ሳይላጭ እንዴት ይውላል?»

«እንደ ባለፂሙ ወንድምህ።»

«ወንድሜ ፈላስፋ ነው!»

ዘነበወርቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ናሆም ተነስቶ ኩሬውን ዞረ፤ ፊላውን በእጁ ነካው፤ ተመልሶ መጣ። «አውልቂው» አላት ልጅቱን። «ቶሎ በይ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ዘነበወርቅ መሰላል ላይ ወጥታ ዓይኑን ከምሰሶው ፈታችው። እንዳይጫር ብላ በሻርፗ ጠቀለለችውና እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ያዘችው። ከጨርቁ ውስጥ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ጨልሟል። ማንም አይታየኝም።»

«እሺ» አለችው ዘነበወርቅ። በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀችና ከግቢው እስከ መንገዱ ያለውን ጥቂት አፈር በባዶ እግሯ ሄደችበት።

ቱቦው በዚያው ሳምንት ደረቀ። ያኔት ሰሐን ያጠበችበትን ውሃ ማጥለል ተማረች። ናሆም ገላውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ፂሙ ሲወጣ እንደፈራው ነጭ ብቻ አልነበረም፤ አገጩ ላይ ጥቁር ቀርቶበት ነበር። ያኔት «ላባህን እየቀየርክ ነው» አለችው፤ ለአንድ ቀን ሙሉ ሳያናግራት ዋለ። የበልግ ዝናብ አልመጣም። ኩሬው ከጠርዙ እየሸሸ መሐሉ ላይ እንደ ትሪ ጠበበ። ፊላው ከላይ ቢጫ ሆነ፤ ከሥሩ ግን አረንጓዴ ነው። ያኔት በየቀኑ ጎንበስ ብላ ሥሩን ታያለች።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ የጎረቤቱን ንጣፍ እንደ ውሃ ሲያንቀጠቅጠው፣ ናሆም የቀኑን ትርፍ ውሃ በሳፋ ይዞ ከቤት ወጣ። ደረጃውን ወርዶ ወደ ኩሬው ሲጠጋ በድንገት ቆመ። ወፎቹ ቀድመውት ወርደዋል፤ በቀረችው ውሃ ዙሪያ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ይጠጣሉ። ከእግሩ እስከ እነሱ ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። አልበረሩም።

ያኔት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እጇን አነሳችለት፤ አትንቀሳቀስ እንደ ማለት።

«ሳፋው ከበደኝ» አለ ናሆም በሹክሹክታ።

«ቁም።»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ።»

«እስኪጠጡ ቁም።»

ቆመ።